ጋዋን መልበስና መመረቅ አንድ ነው? የምርቃት ቀን ከውስጥ ሲታይ

ሰኔ ከተጋመሰ በኋላ ስልካችሁን ስትከፍቱ የምታዩት አንድ ነገር ነው። ጥቁር ጋዋን፣ ባለ አራት ማዕዘን ኮፍያ፣ አበባ፣ የሀበሻ ቀሚስ የለበሱ እናት፣ ከሥሩ ደግሞ "እንኳን ደስ አለህ ወንድሜ"። ሐምሌ እስኪያልቅ ፊዱ በዚህ ይሞላል።

እኛም ላይክ እናደርጋለን። ላይክ ካደረግንላቸው አንዱ የሰፈራችን ልጅ ነው። ስሙን አንጠራም። የጂሲ ፎቶውን በጋዋን ስቱዲዮ ገብቶ ተነሣ። እናቱ በትልቁ አሳጥበው፣ ፍሬም አስገብተው ሳሎን ሰቀሉት። ከሦስት ወር በኋላ የመውጫ ፈተናው ውጤት መጣ፦ 47። ማለፊያው 50 ነው። ፎቶው ከግድግዳው አልወረደም። ቤት የመጣ ዘመድ ሁሉ "ሥራ ያዝክ?" ይለዋል። እሱም "እየፈለግኩ ነው" ብሎ ያልፋል። ለእናቱ አልነገራቸውም።

ታዲያ ይሄ ልጅ ተመርቋል ወይስ አልተመረቀም?

ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ግን አይደለም። መልሱን ለማግኘት በምርቃት ቀን በትክክል ምን እንደሚሆን ማወቅ ያስፈልጋል። ማን ነው የሚሰጠው? ልብሱ ምንድነው? "በማዕረግ" ማለት ስንት ነው? ወረቀቱስ መቼ ነው እጃችሁ የሚገባው? ይህን የምንጽፈው እኛ ራሳችን ጋዋን ለብሰን አናውቅም። ምናልባት ለዚህ ይሆናል ሌላው ዝም ብሎ የሚያልፈውን ሁሉ የጠየቅነው።

ቃሉ ራሱ ሁለት ነገር ነው

በእንግሊዝኛ "ግራጁዌት" እና "ዲግሪ" የሚሉት ቃላት የመጡት "ደረጃ" ወይም "እርምጃ" ከሚል የላቲን ቃል ነው። አንድ ደረጃ ወጣህ ማለት ነው። አሜሪካኖች ደግሞ ሥነ ሥርዓቱን "ኮመንስመንት" ይሉታል፤ ትርጉሙ "መጀመር" ነው።

በአማርኛ ግን ምርቃት ነው። ሽማግሌ እጃቸውን ዘርግተው "እደግ፣ ተመንደግ" ሲሉም ምርቃት ነው። ዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ሲሰጥም ምርቃት ነው። ልዩነቱን በቃሉ መለየት አይቻልም። ስለዚህ በዛ ቀን አዳራሹ ውስጥ ሁለት ሥርዓት አብሮ ይካሄዳል። አንደኛው የተቋሙ ነው፦ ዩኒቨርሲቲው "ይህ ሰው ይህን ተምሯል" ብሎ ይመሰክራል። ሁለተኛው የቤተሰብ ነው፦ ያሳደጉት ሰዎች ይመርቃሉ።

ብዙ ግራ መጋባት የሚመጣው ሁለቱን አንድ አድርገን ስናይ ነው። በነገራችን ላይ "ተመራቂ" እና "ምሩቅ" አንድ አይደሉም። ተመራቂ ገና ወረፋ ላይ ያለ ነው፤ ምሩቅ የጨረሰ ነው። ጋዋን የሚለበሰው በተመራቂነት ጊዜ ነው።

ከጋዋን በፊትም ምስክር ነበረ

"የትምህርት ማስረጃ" የምንለውን ወረቀት ድሮ "የምስክር ወረቀት" ይሉት ነበር። ምስክር የሚለው ነገር ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ በፊት እዚህ አገር የቆየ ነው።

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት አንድ ተማሪ ድጓ ተምሮ ቢጨርስ የትም ሄዶ "መምህር ነኝ" አይልም። ጋይንት ያለችው ቤተልሔም ሄዶ "ማስመስከር" አለበት። ዝማሬና መዋሥዕት የተማረ ደግሞ ዙር አምባ ይሄዳል። እዛ ያሉት መምህራን ያዳምጡታል፣ ያርሙታል፣ ብቁ ከሆነ ይመሰክሩለታል። ከዛ በኋላ ወንበር ዘርግቶ ማስተማር ይችላል።

በእስልምና ትምህርትም እንዲሁ ነው። ወሎም ሆነ ሐረር፣ ደረሳው ኪታቡን በሸኹ ፊት ቀርቶ ሲጨርስ "ኢጃዛ" ያገኛል። ኢጃዛ ማለት ፈቃድ ማለት ነው፦ "ይህን ከእኔ ተምረሃል፤ ለሌላው ማስተማር ትችላለህ" የሚል።

አውሮፓም የተጀመረው በዚህ ዓይነት ነገር ነው። በመካከለኛው ዘመን ቦሎኛ፣ ፓሪስና ኦክስፎርድ ውስጥ ዲግሪ ማለት የማስተማር ፈቃድ ነበር። "ማስተር" ማለት መምህር ነው። "ዶክተር" የሚለው ቃልም "ማስተማር" ከሚል የላቲን ቃል የመጣ እንጂ መጀመሪያ ከሕክምና ጋር አልተገናኘም።

ሦስቱም ቦታ ሐሳቡ አንድ ነው። ተማሪው ራሱን አይመርቅም። የሚያውቅ ሰው ይፈትነዋል፣ ከዛ በሰው ፊት ይመሰክርለታል።

ያ ጥቁር ልብስ ከየት መጣ?

ጋዋኑ የካህናት ልብስ ነው። የአውሮፓ የመጀመሪያዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች ከቤተ ክርስቲያን ጋር የተቆራኙ ስለነበሩ መምህሩም ተማሪውም ረጅም ቀሚስ ይለብስ ነበር። የድንጋይ ሕንጻዎቹ ቀዝቃዛ ነበሩና ረጅሙ ልብስ ለብርድም ጠቅሟል። ከአንገት ወደ ጀርባ የሚወርደው ባለቀለሙ ጨርቅ፣ ሁድ የሚባለው፣ መጀመሪያ ላይ እውነተኛ የራስ መሸፈኛ ቆብ ነበረ። አሁን ቀለሙ ብቻ ነው ሥራ ያለው።

እ.ኤ.አ. በ1895 የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ተሰብስበው ለልብሱ አንድ ወጥ ደንብ አወጡ። በዛ ደንብ የባችለር ጋዋን እጅጌ ጫፉ ሹል ነው። የዶክትሬቱ እጅጌ ሰፊ ሆኖ ሦስት የከፋይ መስመር ይሰፋበታል። ቀለሙ ደግሞ የትምህርት መስኩን ይናገራል፦ ሕክምና አረንጓዴ፣ ሕግ ወይን ጠጅ፣ ምሕንድስና ብርቱካንማ፣ ሳይንስ ወርቃማ ቢጫ። የእኛ ዩኒቨርሲቲዎች ሐሳቡን ወስደው ቀለሙን በየራሳቸው ያስተካክላሉ። ስለዚህ የጓደኛችሁ ሁድ ከእናንተ ቢለይ ስህተት አይደለም።

ባለ አራት ማዕዘኑ ኮፍያ ከካቶሊክ ካህናት ቆብ ያደገ ነው። በእንግሊዝኛ የሚጠሩት ግን በግንበኛ ዕቃ ስም ነው፤ ግንበኛ ማልታ የሚይዝበትን ጠፍጣፋ ሰሌዳ ስለሚመስል። ከላዩ የሚንጠለጠለው ዘርፍ ዲግሪው ከመታወጁ በፊት በቀኝ፣ ከታወጀ በኋላ በግራ ይሆናል። ይህም የአሜሪካ ልማድ ነው። ያ ትንሽ እንቅስቃሴ ከተመራቂ ወደ ምሩቅ መሻገሪያ ምልክት ነው።

ኮፍያ መወርወርስ? ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የአሜሪካ ባሕር ኃይል አካዳሚ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1912። የዛ ዓመት ምሩቆች ወዲያው የመኮንን ኮፍያ ስለተሰጣቸው የተማሪነቱን ኮፍያ ወደ ላይ ወረወሩት፤ አያስፈልጋቸውም ነበር። እናንተ ግን የተከራያችሁት ከሆነ ማስያዣ ያስያዛችሁበትን አስታውሱ።

እዚህ አገር እንዴት ገባ?

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራ የጀመረው በ1943 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያው ኃላፊ ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል ዶክተር ሉሲየን ማት ነበሩ። የመጀመሪያዎቹ የዲግሪ ምሩቃን የወጡት በ1946 ዓ.ም. ነው።

በ1954 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተቋቋመ። ንጉሡ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲው ሰጡ፤ ዛሬ ስድስት ኪሎ ግቢ የምንለው ነው። የአለማያ የእርሻ ኮሌጅና የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅም በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ሥር ገቡ። አለማያን ያቋቋመው ከአሜሪካው ኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ነበር። ዛሬ ካምፓስ ውስጥ የምንላቸው "ፍሬሽማን"፣ "ክሬዲት ሀወር"፣ "ጂፒኤ" የሚሉት ቃላት ሁሉ አሜሪካዊ ሥርዓት ናቸው።

በዛ ዘመን ንጉሡ የዩኒቨርሲቲው ቻንስለር ስለነበሩ ዲፕሎማውን የሚሰጡት ራሳቸው ነበሩ። ተመራቂው ቀርቦ፣ እጅ ነስቶ፣ ከንጉሥ እጅ ይቀበላል። ያኔ የሚመረቁት ጥቂት ስለነበሩ ይቻል ነበር። አሁን ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አለ። አንዱ ብቻ በአንድ ቀን በሺዎች ያስመርቃል። ሰው በስሙ ተጠርቶ መድረክ ላይ መውጣቱ ለፒኤችዲ ምሩቃንና ለተሸላሚዎች ቀርቷል።

ዕለቱ እንዴት ይሄዳል?

የየዩኒቨርሲቲው ቅደም ተከተል ትንሽ ይለያያል፤ መሠረቱ ግን አንድ ነው።

መጀመሪያ ተመራቂዎች በየኮሌጃቸው ገብተው ይቀመጣሉ። ቀጥሎ ሁሉም ይነሣና የሴኔት አባላት፣ ዲኖችና ፕሮፌሰሮች፣ በየራሳቸው ጋዋን ተሰልፈው ይገባሉ። ይህ ሰልፍ ለማማር ብቻ አይደለም። የሚመሰክሩት ሰዎች እነሱ ስለሆኑ ነው። ድጓ ሲያስመሰክር መምህራኑ እንደሚቀመጡት ማለት ነው።

ከዛ የየኮሌጁ ዲን ተራ በተራ ይነሣል። "እነዚህ ተማሪዎች የሚጠበቅባቸውን አሟልተዋልና ዲግሪው እንዲሰጣቸው አቀርባለሁ" የሚል ይዘት ያለው ንግግር ያነባል። የዛ ኮሌጅ ተማሪዎች ይቆማሉ። ፕሬዚዳንቱ በተሰጣቸው ሥልጣን ዲግሪው መሰጠቱን ያውጃሉ። ጭብጨባ፣ እልልታ፣ የዘርፍ መዞር።

ሙሉው ቀን የሚቆመው በዚህች አንድ ደቂቃ ላይ ነው። ግን እሷም ብትሆን ማወጂያ ናት እንጂ መወሰኛ አይደለችም። ውሳኔው የተሰጠው ከዛ በፊት ነው። ዲፓርትመንቱ ውጤታችሁን አጣርቷል፣ ሬጅስትራር አረጋግጧል፣ ሴኔቱ የተመራቂዎችን ዝርዝር አጽድቋል። ዝርዝሩ ላይ ያልተገኘ ሰው ጋዋን ለብሶ አዳራሹ ውስጥ ቢቆምም አዋጁ እሱን አይመለከትም። ታሞ አልጋ ላይ የዋለ፣ ዝርዝሩ ላይ ግን ያለ ሰው ደግሞ ቤቱ ሆኖ ምሩቅ ነው።

የሕክምና ተማሪዎች አንድ ነገር ይጨምራሉ። ቆመው ቃለ መሐላ ይፈጽማሉ። በሺዎች ሰው ፊት፣ በአንድ ድምፅ፣ ታካሚን እንደማይጎዱና ምስጢሩን እንደሚጠብቁ ይምላሉ። አጋጣሚው ከገጠማችሁ ስልካችሁን አስቀምጣችሁ ስሙት።

ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ የተማሪው የራሱ ሥርዓት አለ። ሀንድረድ ዴይ፣ ከለር ዴይ፣ ክሬዚ ዴይ፣ ለምሕንድስናና ለሕክምና ተማሪ ደግሞ ሀፍ ላይፍ። የጂሲ ኮሚቴ፣ የጂሲ መጽሔት፣ ላስት ወርድ። ይህን ሴኔት አያጸድቀውም። ግን ከአምስት ዓመት በኋላ የዲን ንግግር የሚያስታውስ ሰው አላየንም፤ ላስት ወርዱን የማያስታውስም የለም።

"በማዕረግ" ስንት ነው?

አሁን ወደ ቁጥሩ እንግባ። ውጤት ከ4.00 ነው የሚሰላው። ኤ 4፣ ኤ ማይነስ 3.75፣ ቢ ፕላስ 3.5፣ ቢ 3፣ ሲ 2፣ ዲ 1፣ ኤፍ 0። እያንዳንዱ ኮርስ በክሬዲቱ ይባዛል፣ ተደምሮ ለጠቅላላ ክሬዲት ይካፈላል።

ምሳሌ፦ በ4 ክሬዲት ኮርስ ኤ አመጣችሁ፣ 16 ነጥብ። በ3 ክሬዲት ኮርስ ቢ አመጣችሁ፣ 9 ነጥብ። 25 ለ7 ሲካፈል 3.57 ይሆናል። ለዚህ ነው ባለ ብዙ ክሬዲት ኮርስ ላይ መሰነፍ የሚያስከፍለው።

ለመጀመሪያ ዲግሪ መመረቂያው ዝቅተኛ ውጤት 2.00 ነው። ለማስተርስ 3.00 ነው። ከዛ በላይ በብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች የተለመደው እንዲህ ነው፦

- ከ3.25 ጀምሮ፦ በማዕረግ
- ከ3.50 ጀምሮ፦ በከፍተኛ ማዕረግ
- ከ3.75 ጀምሮ፦ በእጅግ ከፍተኛ ማዕረግ

ሐሳቡ የሚመሳሰለው አሜሪካኖች በላቲን "ኩም ላውዴ" ከሚሉት ጋር ነው፤ "በምስጋና" ማለት ነው። ሃርቫርድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የጀመረው ልማድ ነው።

ጥንቃቄ፦ ቁጥሩ ብቻ ላይበቃ ይችላል። ኤፍ ኖሮበት ኮርሱን የደገመ ተማሪ ነጥቡ ቢደርስም ማዕረጉ ሊቀርበት የሚችልበት ሁኔታ አለ። መልሱ ያለው የዩኒቨርሲቲያችሁ የሴኔት ደንብ ላይ ነው። ሬጅስትራር ጠይቃችሁ አንብቡት። ከሲኒየር የሰማችሁትን አትመኑ።

ሜዳልያና ዋንጫ ደግሞ ሌላ ነው። ማዕረግ መስፈርቱን ላሟላ ሁሉ ይሰጣል። ሜዳልያ ግን ውድድር ነው፤ ከኮሌጁ ወይም ከዩኒቨርሲቲው አንደኛ ለወጣ። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ከሴቶች አንደኛ ለወጣችውም ለብቻ ሽልማት አለ።

ሦስት ዓይነት "ዶክተር"

መድረክ ላይ ሁሉም "ዶክተር" ሲባል ግራ አይግባችሁ።

አንደኛው ሐኪሙ ነው። የሕክምና ዶክትሬት ይባላል፤ ረጅም ትምህርት ነው። ሁለተኛው ፒኤችዲ ነው። ማስተርስ ጨርሶ፣ ለዓመታት ምርምር ሠርቶ፣ ጽሑፉን በፈታኞች ፊት ተከራክሮ ያሳለፈ። ሦስተኛው የክብር ዶክትሬት ነው። ይህ ያለ ትምህርትና ያለ ፈተና ለአገርና ለሕዝብ በሠሩት ሥራ የሚሰጥ ነው። ጥላሁን ገሠሠ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ አሊ ቢራ ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ያገኙት ይህንን ነው። ስማቸው ፊት "ክቡር ዶክተር" የሚባለውም ለዛ ነው። "ክቡር" የምትለዋ ቃል ትርፍ አይደለችም፤ ከሌሎቹ ሁለቱ መለያ ናት።

ሦስቱም ክብር አላቸው። ግን የሚመሰክሩት የተለያየ ነገር ነው። የክብር ዶክትሬት ያለው ሰው በዛ ማስረጃ ተመራማሪ ሆኖ አይቀጠርም፣ አያክምም።

ፈተናውና ወረቀቱ

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመጀመሪያ ዲግሪ ለማግኘት ኮርስ መጨረስ ብቻ አይበቃም። አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና አለ። የሕግ ተማሪዎች ከዛም በፊት ይፈተኑ ነበር፤ በ2015 ለሁሉም ሆነ። ማለፊያው 50 ከመቶ ነው። ለመንግሥትም ለግልም ተቋም ተማሪ እኩል ነው።

በመጀመሪያው ዙር 150 ሺህ ገደማ ተማሪ ተፈተነ። ያለፈው 40 በመቶ ገደማ ነው። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከተፈተኑት 62 በመቶ ገደማ ሲያልፉ ከግል ተቋማት ያለፉት 17 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ከእነዚህ ቁጥሮች ጀርባ በየቤቱ ስንት የተሰቀለ ፎቶ እንዳለ አስቡት።

ፈተናውን ያላለፈ ተማሪ ኮርሱን ጨርሶም ቢሆን ዲግሪው አይሰጠውም። ግን አልተባረረም፤ በሚቀጥሉት ዙሮች ተመዝግቦ እንደገና መፈተን ይችላል። ውጤቱም፣ የወሰዳቸው ኮርሶችም አይጠፉም።

ፈተናው ካለፈ በኋላም ወረቀቱ በአንድ ቀን አይመጣም። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦

1. ክሊራንስ። ቤተ መጻሕፍት፣ ዶርም፣ ካፌ፣ ላብራቶሪ። ያልመለሳችሁት አንድ መጽሐፍ ሁሉንም ነገር ያቆመዋል።

2. ቴምፖራሪ። ጊዜያዊ ዲግሪ ነው። ሥራ ለመፈለግ መጀመሪያ የሚያገለግላችሁ ይህና ስቱደንት ኮፒው ናቸው።

3. ወጪ መጋራት። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የምግቡንና የመኝታውን ወጪ፣ የትምህርቱን ደግሞ ከፊል፣ ተቀጥሮ ሲሠራ ከደመወዙ እየተቆረጠ ለመክፈል ይፈርማል። በየዓመቱ የፈረማችሁበት ወረቀት እሱ ነው። ኮፒውን ያዙ።

4. ኦሪጅናል። ዋናው ዲግሪ የሚሰጠው የወጪ መጋራቱ ግዴታ ሲጠናቀቅ ነው። ለዚህ ነው ከተመረቀ ብዙ ዓመት የሆነው ሰው ሁሉ ገና በቴምፖራሪ የሚዞረው።

5. ለጤና ባለሙያዎች ደግሞ የሥራ ፈቃድ ለማግኘት የብቃት ምዘና አለ። ዲግሪ የያዘ ሁሉ ፈቃድ ይዟል ማለት አይደለም።

ሁለት ነገር እንጨምር። አንደኛ፣ ቴምፖራሪው እጃችሁ ሲገባ ከመስኮቱ ሳትርቁ ስማችሁን ፊደል በፊደል አንብቡ። የእንግሊዝኛው አጻጻፍ ከፓስፖርታችሁ ወይም ከፋይዳ መታወቂያችሁ ጋር አንድ መሆን አለበት። ዱባይም ሆነ አሜሪካ ለመሄድ የሞከረ ሰው አንዲት ፊደል ምን እንደምታደርግ ይነግራችኋል። ሁለተኛ፣ የግል ኮሌጅ ከሆነ የተማራችሁበት ፕሮግራም በዛ ካምፓስና በዛ ዓመት ዕውቅና እንደነበረው ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አረጋግጡ። ኮሌጁ ዕውቅና አለው ማለት ፕሮግራሙ ሁሉ አለው ማለት አይደለም። ይህን ማጣራት ያለባችሁ ስትመዘገቡ ነው፤ ጋዋን ስትለኩ አይደለም።

የዘገየ ምርቃት አዲስ አይደለም

"ጓደኞቼ ሁሉ ተመረቁ፣ እኔ ቀረሁ" የሚል መልእክት በየዓመቱ ይደርሰናል። ታሪኩን ካየን ግን በሰዓቱ መመረቅ እዚህ አገር ሁልጊዜ የተሰጠ ነገር አልነበረም።

በ1967 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ተማሪው በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ሄደ። የዛ ትውልድ ምርቃት በዓመታት ዘገየ፤ ያልተመለሱም አሉ። በ2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት ግቢዎች ተዘጉ። ከዛ በኋላ በጦርነቱ የትግራይ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎች ዓመታት ተቆረጡባቸው። ዛሬ ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ ምሩቃን ናቸው። ዲግሪያቸው ላይ "ዘግይቶ የመጣ" የሚል ቃል የለም።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። የሰፈራችን ልጅ ተመርቋል?

በተቋሙ በኩል አልተመረቀም። ጋዋን፣ ፎቶ፣ ላስት ወርድ ምስክርነቱን አይተኩትም። 3 ነጥብ ይቀረዋል፤ ሊያመጣው ይገባል። ሐኪም ወይም መሐንዲስ ስንሆን ሌላው ሰው የሚያምነን በዛ ምስክርነት ነው። እሱን ማቅለል አይገባም።

በሌላው በኩልስ? ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ ስለ እሱ እንድንጽፍ ፈቃዱን ጠየቅነው። ሁለት ቀን ዝም አለ። በሦስተኛው ቀን ደወለና "መጀመሪያ ለእማዬ መንገር አለብኝ" አለን። ነገራቸው። ፎቶውን አውርዱት ይላሉ ብሎ ፈርቶ ነበር።

እናቱ ትንሽ ዝም ብለው እንዲህ አሉት፦ "እኔ የመረቅኩህ ገና ሻንጣህን ስትሸክፍ ነው። ወረቀቱን እነሱ ይስጡህ። በል አሁን ሂድና አጥና።"

ለቀጣዩ ዙር ተመዝግቧል። ፎቶው አልወረደም።